«የጋራ መጠቀሚያ» ምንድን ነው?

«የጋራ መጠቀሚያ ማለት የሚጠቀምበት ሰው የሚከፍልበት ነው።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ኮንዶሚኒየም ኑሮ ሲያስረዳ እንዲህ አለ። ቀጠለና፣ «ምድር ያለ ሰው ለጣሪያ ለምን ይከፍላል? አራተኛ ፎቅ ያለውስ ስለ ግቢው ፍሳሽ ምን አገባው?» ብሎ ጠየቀ። ሰሚው ሁሉ «እውነቱን ነው» አለ።

እውነቱን አይደለም። ስራዬ የሕንፃ አስተዳደር ነው። ቧንቧ ሲፈነዳም ጎረቤት ሲጣላም ኮሚቴዎች ይደውሉልኛል። ጀሞ በሉት፣ ሰሚት በሉት፣ የካ አባዶ በሉት፣ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ከዚችው አረዳድ ነው። ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም፣ ሊቀመንበር እንዴት እንደሚመረጥ እዚህ አልዘረዝርም። በቀጥታ ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያን የሚተረጉመው በመዘርዘር አይደለም፤ በመቀነስ ነው። ከጠቅላላው ንብረት ላይ የግል ቤቶቹን ቀንሱ። የቀረው በሙሉ የጋራ ነው። አለቀ። «ማን ይጠቀምበታል?» የሚል ጥያቄ ትርጉሙ ውስጥ የለም።

ይህን ሒሳብ ስትሠሩት የሚቀረው ነገር ብዙ ነው። ብዙ ሰው «የጋራ» ሲባል ትዝ የሚለው ኮሚናሉ፣ ማለትም የጋራ አገልግሎት መስጫው ቤት፣ እና የመኪና ማቆሚያው ነው። ኮለኑ (ቋሚ ምሰሶው)፣ ቢሙ (አግዳሚ ተሸካሚው)፣ ሶሌታው (የየፎቁ ኮንክሪት ወለል)፣ ደረጃው፣ የጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ፣ ማንሆሉ፣ የጋራው ሮቶና ፓምፕ፣ የኮሪደሩ መብራትና ቆጣሪው፣ አጥሩ፣ የጥበቃዋ ቤት፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ናቸው። በምዝገባ ሰነዱ ላይ ለተወሰኑ ቤቶች ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ ክፍል ካለ ነገሩ ይለያል። ሰነዱን ሳታዩ ግን «ይሄ የኛ ደረጃ ብቻ ነው» አትበሉ። ሐሳቡም ትናንት የመጣ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንድ ሕንፃ ውስጥ የየራሳቸው ቤት ስላላቸው ሰዎች የሚናገር ክፍል ነበረው።

አሁን እድርን አስቡ። የእድር አባል ሆኖ «ዘንድሮ እኛ ቤት ለቅሶ አልነበረም፣ ያዋጣሁት ይመለስልኝ» የሚል ሰው አይታችኋል? የለም። ድንኳኑ ለእገሌ ቤት ብዙ ጊዜ ተተከለ ተብሎ እገሌ ጭማሪ አይጠየቅም። የሚዋጣው ድንኳኑ እንዲኖር ነው። ወንበሩ እንዲጠገን፣ ድስቱ እንዲሟላ፣ ጡሩንባ ነፊው እንዲከፈለው ነው። ደግሞም ከድንኳኑ ላይ «የኔን ድርሻ» ብሎ አንድ ክንድ ሸራ ቀዶ የሚወስድ ሰው የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን አለ! በሩ ፊት ያለውን የደረጃ ማረፊያ በብረት በር አጥሮ ጫማና ከሰል ያስቀምጥበታል። ሲጠየቅ «የጋራ አይደል? እኔም ድርሻ አለኝ» ይላል። ድርሻማ አለው። ድርሻው ግን በመቶኛ የተጻፈ ነው እንጂ በካሬ ተሸንሽኖ «ይችን ያዝ» የተባለ አይደለም። ከቤቱም አይነጠልም። ቤቱን ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል።

በእድሩ ምሳሌ ትንሽ ልቆይበት፤ የሚጣመምበት ቦታም ያስተምራል። እድር ያልተስማማው ሰው ይወጣል፣ ስሙ ይሰረዛል፣ ሰፈሩ ያማዋል፣ ያበቃል። ከጣሪያ ግን እንዴት ይወጣል? ቤቱን የገዛ ሰው ወደደም ጠላም አባል ነው። ማኅበሩም እንደ ሰፈር ስብስብ በፈቃድ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ ሲመዘገብ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት አለው። ይከስሳል፣ ይከሰሳል። ሌላው ልዩነት መዋጮው ነው። እድር እኩል ያስከፍላል። በሕንፃ ግን የጋራ ወጪ የሚደለደለው በተመዘገበው ድርሻ ነው። ስቱዲዮና ባለ ሦስት መኝታ እኩል የሚያዋጡበት ብዙ ብሎክ አውቃለሁ። ለጥበቃና ለጽዳት ሰዉ ከተስማማ እኔም ዝም እላለሁ። ጣሪያ በሙሉ ሲቀየር ግን ባለ ስቱዲዮዋ ብታጉረመርም ሐቅ አላት።

«የሚጠቀም ይክፈል» የሚለው ነገር የት እንደሚያደርስ ለማየት የፍሳሽ ቱቦ ይበቃል። በጂ+4 ብሎክ፣ ማለትም ምድር ቤትና አራት ፎቅ ባለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩ የአምስት ቤት ሽንት ቤቶች በአንድ ቋሚ ቱቦ ይወርዳሉ። አራተኛ ፎቅ ያለው ቤት ዳይፐር ይለቃል። ምንም አይታይም፣ ውሃው ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ዳይፐሩ ወርዶ ወርዶ፣ ቱቦው ወደ ማንሆሉ በሚታጠፍበት ቦታ ይጋደማል። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የወጥ ዘይት ይደፋል፤ ዘይቱ ይረጋና ዳይፐሩን ይለስነዋል። ከዚያ ማንም ውሃ ሲለቅ መሄጃ ያጣና ተመልሶ ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ዝቅ ብሎ በሚያገኘው የመጀመሪያ ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ የምድር ቤቷ እናት የሻወር ወለል ላይ ነው።

እሷ ጮኻ ትወጣለች። ላይ ያሉት፣ «የኛ እኮ በደንብ ይሄዳል» ይሏታል። የሚሄደውማ ወደ እሷ ነው! በዚያ አስተያየት ሰጪ ሒሳብ ችግሩ የደረሰባት እሷ ስለሆነች ቧንቧ ሠራተኛውንም መምጠጫ መኪናውንም እሷ ትጥራ። ቱቦውን ምንም ችግር ሳይገጥማቸው የተጠቀሙበት አራቱ ቤቶች ደግሞ ቡናቸውን ይጠጡ። «የሚጠቀም ይክፈል» ሲባል ፍትሑ ይሄ ነው። የበዓል ማግስት ደግሞ ይብሳል። ኮሚናሉ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባ፣ በእንጨት እንጀራ ለመጋገር ተብሎ የተሠራ ነው። ግን ተቆልፏል፣ ወይም ለሱቅ ተከራይቷል። ሰዉ በጉን ደረጃ ሥር ያርዳል፣ ፈርሱን ማንሆል ውስጥ ይከታል። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ይጮሃል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። የጋራ የሚሆነው ቋሚው ቱቦ ነው። ከሲንካችሁ ተነስቶ እሱ ላይ እስኪገጠም ያለው ቅርንጫፍ ቤታችሁን ብቻ ስለሚያገለግል እንደ ግል ቢያዝ ያስኬዳል፤ ደንባችሁ ወሰኑን በግልጽ ቢጽፈው ግን ይሻላል። ኮርኒሳችሁ ላይ እርጥበት ስታዩም ወዲያው በላያችሁ ያለውን ጎረቤት አትክሰሱ። ውሃ በሶሌታ ውስጥ አግድም ተጉዞ ሌላ ቦታ ይወርዳል። መጀመሪያ የላይኛውን ቤት ውሃ ከቆጣሪው ዘግታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ከቆመ ችግሩ እዚያው ቤት ነው፤ የግፊት ቧንቧው ወይም የራሱ ፍሳሽ። ካልቆመ የጋራውን ፍሳሽ ወይም ጣሪያውን ፈትሹ። በዚህ ጉዳይ ሳይፈተሽ ሰው ሲሰዳደብ ብዙ አይቻለሁ፤ በመጨረሻ ጥፋተኛው ዲሽ ለማሰር ቆርቆሮው ላይ የተበሳ ቀዳዳ ይሆናል።

ቆርቆሮውን ካነሳሁ፣ የተቃራኒው ስህተትም አለ። «የጋራ ነው» ማለት «እንደፈለግኩ» የሚመስለው ሰው። ጣሪያ ላይ ይበሳል፤ ምድር ያለው ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ ይንዳል። ቤታችሁ ውስጥ ቢሆንም ኮለንና ቢም የናንተ ብቻ አይደሉም፤ በላያችሁ ያሉት ሰዎች የቆሙት በነሱ ላይ ነው። የብሎኬት ግድግዳ እንኳ ቢሆን ባለሙያ ሳያይ አይነካም። የውሃ ነገርማ አይወራ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ እያንዳንዱ የግል ሮቶ ይገዛና በረንዳ ላይ ወይም ደረጃ ማረፊያ ላይ ያቆማል። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ነው፤ አሥር ኩንታል። ሶሌታው ሲሠራ ማንም በዚያች ጥግ አሥር ኩንታል ይቀመጣል ብሎ አላሰበም። አንዳንዱ ደግሞ ከመስመሩ ላይ በቀጥታ የሚስብ የግል ፓምፕ ይገጥማል። ላይኛው ቤት ውሃ ያጣል። ይባስ ብሎ ፓምፑ መስመሩን ባዶ አድርጎ ሲስብ፣ መሬት ውስጥ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካለ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሁላችሁም ያንን ትጠጣላችሁ።

ታዲያ ቅሬታ እንዴት ይያዝ? የጋራው ምን እንደሆነ ካልተለየ ቅሬታ መያዝ አይቻልም። ለዚህ ነው በትርጉሙ ላይ ችክ የምለው። ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አጠፋ?» መሆን የለበትም። የት ነው የተበላሸው? ቤት ውስጥ ሆኖ ያንን ቤት ብቻ የሚያገለግል ከሆነ የባለቤቱ ነው። ከቤቱ ውጭ ግቢው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም እንደ ኮለንና ቋሚ ቱቦ በቤት ውስጥ የሚያልፍ የጋራ ነገር ከሆነ፣ የማኅበሩ ነው። ከግቢው ውጭ ያለው የውሃ መስመር ወይም ትራንስፎርመር ከሆነ ደግሞ የማኅበሩ ስራ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከትና መከታተል ብቻ ነው። ይሄ ሳይለይ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይፎከራል። «ኮሚቴው ሌባ ነው» ቅሬታ አይደለም። «ከመስከረም ወዲህ የፓምፕ ጥገና ደረሰኝ አልታየንም» ቅሬታ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የኮሚናሉ ኪራይ ወዴት እንደሚገባም እንደዚሁ። የማኅበር ገንዘብ ነው፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይነገር።

ለኮሚቴዎች የምለው አንድ ነገር ነው፤ ደብተር ያዙ። ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የተበላሸው ነገር፣ ማን ሄዶ እንዳየው፣ ምን መልስ እንደተሰጠ። ያቺ ደብተር ስንት ስድብ ታስቀራለች! ደግሞ ሁሉንም ቅሬታ አትቀበሉ። የባልና ሚስት ጠብ፣ የድሮ ቂም፣ «ልጇ ሰላም አይለኝም» የኮሚቴ ጉዳይ አይደለም። በደንቡ የተጻፈ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የሌሊት ጩኸት፣ በደንቡ ይታያል። ከዚያ ያለፈው ለሽማግሌ ወይም ለሕግ ነው። እናንተም ነዋሪዎች፣ የኮሚቴ ሰዎች በነፃ የሚያገለግሉ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፤ ዳኛም ፖሊስም አይደሉም።

ተከራይ ላይም ብዙ ግራ መጋባት አለ። የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው። ተከራይ በየወሩ ለጥበቃና ለጽዳት ቢከፍልም ጣሪያ ለማስቀየር አይጠየቅም። ይሄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቱ ሜሪላንድ ወይም ሪያድ ነው፣ ውክልናው እህቱ ጋ ነው፣ እህቱ ደግሞ «እኔ ኪራይ እንድሰበስብ ነው የተወከልኩት» ትላለች። በውጭ ሆናችሁ ቤት ያከራያችሁ ወገኖች፣ ውክልናው ላይ በማኅበሩ ስብሰባ መገኘትንና የጋራ ወጪ መክፈልን አስጽፉ። በኪራይ ውሉም የወር መዋጮው በማን እንደሆነ ይጻፍ። ባለ ድርሻ ሳይገኝ፣ ጉባኤው ለመወሰን የሚበቃ ሰው እያጣ የቆመ ጥገና በጣም ብዙ ነው።

ለዚያ አስተያየት ሰጪ የማምንለት አንድ ነጥብ አለ፤ ሊፍት። በ40/60 የቁጠባ ቤቶችና በሪል እስቴት ሕንፃዎች ምድር ላይ ሱቅ ያለው ሰው «ሊፍት ረግጬ አላውቅም» ሲል ይሰማል፣ ያሳዝናልም። ሊፍቱ ያለ ጥርጥር የጋራ ነው። ሆኖም የመብራቱና የየወሩ እንክብካቤ ወጪ በምን መልክ ይደልደል የሚለው ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው። መነጋገሪያው ጊዜ ግን ሊፍቱ እየሠራ ሳለ ነው። ሰባተኛ ፎቅ ያሉ አዛውንት ቤታቸው ተዘግተው ተቀምጠው ሳለ ደረጃው ሥር እጅ በማውጣት አይወሰንም። የተመዘገበውን ድርሻ መቀየር ደግሞ የቃለ ጉባኤ ፊርማ ብቻውን አይጨርሰውም። የሕንፃው መግለጫ፣ ማለትም የየቤቱ ድርሻ የተጻፈበት ሰነድ፣ እና መተዳደሪያ ደንቡ ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይዛችሁት ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ዋናው ሰነድ በእርግጥ ማኅበሩ ቢሮ መኖሩን እዩ። በአብዛኛው የቀድሞው ሊቀመንበር ቤት ነው የሚገኘው።