«በጀት የለንም» እና ሌሎች የስብሰባ ተረቶች

አገር በቀል ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አዲስ አሠራር ይሞከር ሲባል ሁሌ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን በጀት የለንም» ይላል። ሁሉም በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ሻይ ይመጣል። ጉዳዩ በዚያው ያልቃል። ዛሬ ግን ሻዩ ይቆይ።

«ኢኖቬሽን ማለት አፕ ነው።» አይደለም። የእኛን አፕ ጉድ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

«ሕጉ ድርጅት ገቢ እንዲያመነጭ አይፈቅድም።» ይፈቅዳል እንጂ! የ2011 ዓ.ም.ን የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113ን አንብቡት። ትርፉ ለአባላት አይከፋፈልም፤ ለድርጅቱ ዓላማ ይውላል። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አይበልጥም የሚለው አንቀጽም ቢሆን ማንንም አዲስ ነገር ከመሞከር አይከለክልም። ሳያነቡ «ሕጉ አይፈቅድም» ማለት ግን ቀላል ነው።

«መጀመሪያ ገንዘብ፣ ከዚያ ፈጠራ።» ይቺ ናት የምታቃጥለኝ።

የአዲስ አበባውን የፌስቱላ ሆስፒታል አስቡ፤ ፌስቱላ ምጥ ሲራዘም የሚደርስ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እና ባለቤታቸው ታክመው የዳኑ ሴቶችን ረዳት እንዲሆኑ አሠለጠኑ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በሽተኛ ሆነው ነበር የመጡት። አልጋ ከማንጠፍ ተነሥተው ፌስቱላ በቀዶ ሕክምና የሚጠግኑ ባለሙያ ሆኑ። የቀለም ትምህርት ሳይኖራቸው! የሚሠለጥነው ሰው እዚያው ዋርድ ውስጥ ነበር። የሚያስፈልገው የሚያየው ዓይን ነው።

የእኛ ምሳሌ ትንሽ ናት፤ ግን ዓይኔ ያየው ነው። ክብደታቸው የቀነሰ ሕፃናትን እንከታተላለን። ቀጠሮው ማክሰኞ ነበር፤ ግማሾቹ እናቶች ይቀራሉ። እኛ ቢሮ ያለነው ምን አደረግን? የግንዛቤ ማስጨበጫ ፕሮፖዛል ጻፍን! ከነአበሉ፣ ከነባነሩ። የፊልድ ሠራተኛችን ግን «ኧረ እናቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይመጣሉ፤ ሚዛኑን ለምን እዚያ አጠገብ አንሰቅልም?» አለች። ወጪው ምን ነበር? እሷና ሹፌሩ በቅዳሜ ፋንታ ሰኞ ያርፋሉ፤ በቃ። ይህን ለማስፈረም አራት ወር ፈጀብን። የጎደለው ብር አልነበረም፤ ፊርማ ነበር።

ቅዳሜ ሲሆን እናቶቹ መጡ። ጎመን የያዘ ዘንቢል በአንድ እጅ፣ ልጅ በጀርባ።

«አንዴ ከሠራ በራሱ ይቀጥላል።» እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሄደች፤ እሰይ፣ ይገባታል። ተተኪው መጣና የሥራ መመሪያውን ገለጠ። መመሪያው ማክሰኞ ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ማክሰኞ ባዶ ቦታ ላይ ሚዛን ሰቀለ። እናቶቹ ቅዳሜ መጥተው፣ ጠብቀው ይመለሱ ነበር። ለለጋሹ በላክነው ሪፖርት ላይ ቅዳሜያችን ከነፎቶው አምራ ተቀምጣለች። የራሳችንን መመሪያ ግን ማንም አልነካውም።

ስለዚህ አንድ ነገር ሲሠራላችሁ በዚያው ሳምንት መመሪያችሁን ቀይሩ። ሥራውን ሁለተኛ ሰው ይልመደው። ወጪ ካለው፣ ሦስት መቶ ብርም ይሁን፣ ከፕሮጀክት አውጥታችሁ መደበኛ በጀት ውስጥ አስገቡት። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ አንድ አሮጌ ሥራ ጣሉ። እኛ ለራሳችን ዋና ቢሮ የምንልከውን አንድ ወርኃዊ ሪፖርት ለሦስት ወር ሳንልክ ቀረን። «የታል?» ያለን የለም። እስከ ዛሬም አልጠየቁንም።

አፑስ? ፕሮጀክቱ ለሁለት ዓመት ከፈለበት። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሰርቨሩን ዓመታዊ ክፍያ የሚሸፍን የበጀት መደብ አልነበረም፤ አፑም አብሮ ተዘጋ። ታብሌቶቹ ከአሮጌ የወርክሾፕ ባነሮች ጋር ስቶር ገቡ። ባለፈው ለንብረት ቆጠራ ካርቶኑን ከፈትነው። ታብሌቶቹ አሉ። ቻርጀሮቹ የሉም።