የቤት ቲያትር ኮምፒውተር ምንድን ነው?

የቤት ቲያትር ኮምፒውተር ማለት ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ተያይዞ፣ ሶፋ ላይ በተቀመጠ ሰው በሪሞት ወይም በጆይስቲክ የሚታዘዝ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያለው ዕቃ ከሌላው ኮምፒውተር አይለይም። የሚለየው የሚጣልበት ሥራ ነው፤ ቪዲዮ ያሳያል፣ የድሮ ጌሞችንም ያጫውታል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች ደግሞ ጠባያቸው አይገጥምም። ፊልም መጠበቅ ይችላል፤ ጌም አይችልም። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው ውድ ዕቃ ገዝቶም ደስታውን አያገኝም።

ከፊልሙ እንጀምር። ማጫወቻው ፕሮግራም ቀጣዮቹን ምስሎች አስቀድሞ አዘጋጅቶ ተራቸውን ያስጠብቃቸዋል፤ ስለዚህ ፍጥነት አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው የምስሎቹ እኩል መራመድ ነው። አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎች አሉት። ቴሌቪዥኑ ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ግን 60 ለ24 እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩ ሦስት ጊዜ ይታያል። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር የምናየው መንገጫገጭ የሚመጣው ከዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኮዲን የመሰሉ ማጫወቻዎች የቴሌቪዥኑን እድሳት ከፊልሙ ጋር የሚያስማማ ምርጫ አላቸው፤ እሱን ማብራት ነው።

ሌላው ነገር ጸጥታ ነው። ኤች 265 ወይም ኤቪ 1 በተባሉት ዘዴዎች የተጨመቀ ቪዲዮን የሚፈታ ክፍል በግራፊክስ ቺፑ ላይ ካለ፣ መጽሐፍ የሚያክል ትንሽ ኮምፒውተር ፎርኬ የተባለውን እጅግ ጥራት ያለው ፊልም የማቀዝቀዣ ጩኸት ሳያሰማ ያሳያል። ከሌለ ሸክሙ ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ማቀዝቀዣውም በፊልሙ ጸጥ ያለ ትዕይንት መሀል መጮህ ይጀምራል። ከመግዛት በፊት ቺፑ የትኞቹን ዘዴዎች እንደሚፈታ ማጣራት የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከማየት ይልቅ ይጠቅማል።

የድሮ ጌም የሚሠራው ኢሙሌተር በሚባል ፕሮግራም ነው። ኢሙሌተር የጥንቱን ማሽን ቺፖች ሥራ በሶፍትዌር የሚያስመስል ነው። በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 2 ሜጋኸርዝ አይሞላም ነበር፤ የሥራ ማህደረ ትውስታውም 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ስለዚህ ጉልበት ችግር አይሆንም። ችግሩ መዘግየት ነው። የድሮው ባለ ወፍራም መስታወት ቴሌቪዥን ምልክቱ እንደ ደረሰው መስመር በመስመር ይስለው ነበር። የዛሬው ግን ምስሉን ይዞ ያስውበዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ያሳያል። በሰከንድ 60 ምስል በሚሄድ ጌም አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ሦስትና አራት ምስል ሲጠራቀም ገጸ ባሕሪው ከገደሉ ጫፍ የሚዘለው ከወደቀ በኋላ ይሆናል። እኔ ጥፋቱ የጆይስቲኩ መስሎኝ ሌላ ቀይሬ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የቴሌቪዥኑ ነበር። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ማስዋቡን ትቶ ቶሎ እንዲያሳይ የሚያደርገውን፣ ጌም ሞድ የተባለውን ምርጫ ባበራሁበት ቅጽበት የልጅነት እጄ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

የምስሉ ቅርጽም ክብር ይገባዋል። የፋሚኮም ምስል ቁመቱ 240 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ) ነው፤ የተሠራውም ለ4 በ3 ቴሌቪዥን ነው። ሰፊውን ስክሪን ለመሙላት ሲለጠጥ ሰዎቹ ይደፈጠጣሉ። ቁመቱ 1080 በሆነ ስክሪን ላይ 240 አራት ተኩል ጊዜ ስለሚገባ ፒክስሎቹ እኩል አይሆኑም፤ በአራት አባዝቶ ከላይና ከታች ጥቁር ክፍተት መተው ይሻላል። በፎርኬ ስክሪን ግን 2160 ለ240 ልክ ዘጠኝ ይሆናል፤ ምንም አይተርፍም።

አንድ ኮምፒውተር በአንድ ገመድ ሁለቱንም ሥራ ሲሠራ ቴሌቪዥኑን በየጊዜው መቀያየር የግድ ሊመስል ይችላል። እኔ ጌም ሞዱን ለፊልምም አላጠፋውም። ቀለሙን አንድ ጊዜ ማስተካከል ያስፈልጋል እንጂ፣ ጌም ሞድ ከሚያጠፋቸው ነገሮች ዋናው እንቅስቃሴን የማለስለስ ሥራ ነው፤ በ24 ምስል የተቀረጸ ፊልምም ያንን ማለስለስ አይፈልገውም።