ነገ ምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ልጅ ምን ይማር? የኢትዮጵያ ትምርት ቤቶች የሄዱበት መንገድ

ዘመናዊ ትምርት እኛ አገር ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ታሪኩ ጠቅለል ተደርጎ ሲታይ የግምት ታሪክ ነው። የመጣው መንግስት ሁሉ አገሪቷ ነገ የምትፈልገው እንዲህ አይነት ሰው ነው ብሎ ካሪኩለሙን በዛው ልክ ይሰፋዋል፣ ልጆቹ ተምረው ሲወጡ ግን ጊዜው ተቀይሮ ይጠብቃቸዋል።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምርት ቤት ከግብጽ በመጡ የኮፕት መምህራን ነው የጀመረው፣ ዋናው ነገር ደግሞ ቋንቋ ነበር፣ ቤተ መንግስቱን የቸገረው ከፈረንጅ ጋር የሚነጋገርለት ሰው ነዋ። ይሄኛው ግምት ለጊዜውም ቢሆን ሰርቷል። በንጉሱ መጨረሻ የመጣው ሴክተር ሪቪው (የትምርት ማሻሻያ ጥናት) ግን አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት መሰረታዊ ትምርት ይበቃዋል የሚል ሀሳብ ነበረው፣ መምህሩም ወላጁም አልተቀበለውም፣ የካቲት 1966 መምህራን ስራ አቆሙ፣ ከዛ ወዲያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ገበሬው ልጁን ትምርት ቤት የሚልከው ከእርሻ እንዲወጣለት ነው፣ መልሳችሁ እርሻ ላይ አስቀምጡት ሲባል ለምን ብሎ ይስማማል?

ከዚህ ሁሉ ግን እንደ ፕላዝማ የሚወራለት የለም። ወደ 1997 ዓ.ም. አካባቢ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምርት በሳተላይት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይለቀቅ ጀመር። ሀሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ጎበዝ መምህር ገጠር ካልደረሰ በቲቪ ይድረስ ነው። ክፍል ውስጥ የሆነውን ግን የተማረበት ያውቀዋል፤ መምህሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ያወራና ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴትዮ በማይያዝ እንግሊዝኛ ትፈጥናለች፣ መልመጃ ትሰጥና ሰዓት መቁጠር ትጀምራለች፣ ጥያቄውን ገልብጠህ ሳትጨርስ ጊዜው አልቋል ብላ መልሱን ትነግርሃለች፣ እጅ ብታወጣ አታይህም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዛን ቀን ክፍለ ጊዜ በቃ አለፈ። ቴክኖሎጂው አዲስ ነበር፣ ተማሪው ግን ቁጭ ብሎ መቀበልን ነው የተለማመደው።

ከዛ 70/30 መጣ፣ ዩኒቨርስቲ ከሚገባው 70 ፐርሰንቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተባለ፣ ኢንዱስትሪው ይመጣል ተብሎ። ኢንጂነሩ በገፍ ተመረቀ፣ ፋብሪካው ግን በዛው ፍጥነት አልመጣም፣ ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚባለው ቀልድ የዛ ዘመን ነው (ለብዙው ቀልድም አልነበረም)። አሁን ደግሞ ተራው የኮዲንግ ነው፣ በ2016 ክረምት ከተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ መንግስት ጋር አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚል ፕሮግራም ተጀምሯል፣ ጥሩ ነው፣ ግን በኦንላይን የሚሰጥ ኮርስ ለመከታተል መጀመሪያ ያነበቡትን መረዳት ያስፈልጋል።

ችግሩም እዛ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርስቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረና ኩረጃው ከቆመ በኋላ 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው የ2014 ተማሪ 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ካላለፉት ለተወሰኑት ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምርት) ተከፈተ፣ ግን አንደኛ ክፍል ላይ የተበላሸ ማንበብ በሪሚዲያል አይጠገንም። በኔ እይታ ላልታወቀ ነገ ማዘጋጀት የሚባለው ነገር ሮቦቲክስ ላብ ከመክፈት በፊት የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ሶስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በአፍ መፍቻው ያነበበውን በራሱ ቃል መልሶ ሲናገር። ያንን የቻለ ልጅ ሙያው ቢሞትበት ሌላ ይማራል።

ሽምደዳ ባህላችን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የቄስ ትምርቱን እየጠቀሱ። ዳዊት መድገም እውነት ነው ቃል በቃል መያዝ ነው። ቅኔ ቤት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ተማሪው የግዕዙን ግስ ካጠና በኋላ ከሁለት ቤቷ (ሁለት ስንኝ ካላት) ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ረጅሙ መወድስ ይወጣል፣ በየቀኑ ለብቻው ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል (አዲስ ይደርሳል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማል። የትናንቱን ወይ የሰው ይዞ መምጣት ነውር ነው። ትልልቆቹ ደግሞ ትንንሾቹን ያስቀጽላሉ፣ ማለትም ያስጠናሉ። ከጎጃም ቅኔ ቤቶች፣ ከዋሸራና ከጎንጅ፣ ለዘመናዊው ትምርት ቤት መወሰድ የነበረበት ይሄ ነበር፣ የተወሰደው ግን ዱላውና ሽምደዳው ነው።

ያልታሰበው ነገር እንደሆነ ሲመጣ አይተነዋል። መጋቢት 2012 ኮሮና ትምርት ቤቶችን ዘጋ፣ ትምርቱ በሬዲዮ፣ በቲቪና በቴሌግራም ቀጠለ ተባለ፣ የቀጠለው ስልክና አስጠኚ ላለው የከተማ ልጅ ነው። ትግራይ ላይ ጦርነቱ ተጨምሮ ልጆች ለዓመታት ክፍል አልገቡም፣ አማራ ክልልም ብዙ ትምርት ቤት ተዘግቷል።

ከ2015 ጀምሮ በየክፍሉ የገባው አዲሱ ካሪኩለም (6-2-4፣ ማለትም አንደኛ ደረጃ ስድስት፣ መካከለኛ ሁለት፣ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት) ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል፣ አይቲ ከ7ኛ ክፍል፣ አገር በቀል እውቀት፣ 11ኛና 12ኛ ላይ የሙያ ትምርት። ግን ኮምፒውተር የሌለበት ትምርት ቤት አይቲን ከመጽሐፍ ነው የሚያስተምረው፣ ማውስ ምንድነው ተብሎ ተጽፎ ይሸመደዳል። የመግቢያ ፈተናውም ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን መሰጠት ቢጀምርም ጥያቄው ያው ምርጫ ነው፣ ስለዚህ 12ኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ዓመቱን የሚያሳልፈው የድሮ ፈተና ሲሰራ ነው፣ ፕሮጀክት የሚያሰራ መምህር ቢገኝ እንኳን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቲቸር ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል እንዴ ብለው ይጠይቁታል።