ትንሽዬ ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ የየትኛው ዝርያ እንደሆነች እንዴት ይለያል?

ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ውበታቸው ያስደንቃል። ኑዲብራንክ የሚባለው ቡድን ብቻ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ርዝመታቸው 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ አሉ። ዝርያቸውን መለየት በጣም የሚከብደውም የእነዚህ የትንንሾቹ ነው።

መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ቀለም ነው። ግን ቀለም ያሳስታል። የአንድ ዝርያ ቀለም ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል፤ ጨቅላዋም ካደገችው ጋር ላትመሳሰል ትችላለች። ክሮሞዶሪስ በሚባለው ወገን ደግሞ የተለያዩ ዝርያዎች ተመሳሳይ ሰማያዊና ጥቁር መስመር ይዘው ይገኛሉ። ሥጋቸው ለዓሣ አይጥምም። አንዷን ቀምሶ የተማረ ዓሣ ሌሎቹንም ስለሚተዋቸው መመሳሰሉ ሁሉንም ይጠቅማል።

ስለዚህ የአካሏን አሠራር ማየት ይሻላል። ራሷ ላይ ሽታ የምትለይባቸው ጥንድ ቀንዶች አሉ። ልሙጥ ናቸው ወይስ ድርብርብ? ቀጥሎ ጀርባዋ ይታያል። ከኑዲብራንክ ንዑስ ቡድኖች ዶሪድ ከሚባለው ከሆነች ከወደ ኋላ፣ በፊንጢጣዋ ዙሪያ፣ ላባ የመሰለ መተንፈሻ ይኖራታል። ኤኦሊድ ከሚባለው ንዑስ ቡድን ከሆነች ጀርባዋ በጣት መሰል ዘንጎች የተሞላ ነው።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ኮስታሲዬላ ኩሮሺማዬ የምትባለውን ዝርያ እንውሰድ። በጃፓን ከምትገኘው የኩሮሺማ ደሴት ስሟን ያገኘችው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ጀርባዋ በአረንጓዴ ዘንጎች ስለተሞላ ኤኦሊድ ትመስላለች፤ ኑዲብራንክ ግን አይደለችም። ጉዳዩን የሚያጠራው ምግቧ ነው። ኤኦሊዶች ሥጋ በል ናቸው፣ እሷ ግን የምትመገበው አልጌ ነው። ከአልጌው የምትመጠውን ክሎሮፕላስት፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የሚሠራውን አረንጓዴ የሴል ክፍል፣ ሳትፈጭ በሰውነቷ ውስጥ ታቆየዋለች፤ አረንጓዴነቷም የመጣው ከዚያ ነው።

ለዚህ ነው ፎቶ የሚያነሳ ሰው የተቀመጠችበትንም ነገር ቢያነሳ ደስ የሚለኝ። ብዙዎቹ ዝርያዎች በምግብ መራጮች ናቸው። የምትበላው ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ ወይም አልጌው ከታወቀ ፍለጋው በጣም ይጠባል። ከላይ፣ ከጎንና ከራሷ በኩል የተነሳ ፎቶ ቢኖር ደግሞ ግሩም ነው። እንቁላሏ በአቅራቢያው ካለ እሱም አይታለፍ፤ የአጣጣሉ ቅርጽ ይረዳል።

በጣም ሲመሳሰሉ ግን ፎቶ አይፈታውም። ያኔ ባለሙያዎች ራዱላ የሚባለውን ጥርስ ያዘለ ምላስ፣ የመራቢያ አካሏንና ዲኤንኤዋን ይመረምራሉ። አልጌ መጣጮቹ ላይ ጥርሱ አንድ ረድፍ ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ምርመራ ናሙና መሰብሰብ ግድ ስለሆነ፣ በፎቶ ብቻ የታወቁ ብዙዎች እስካሁን የወገን ስም እንጂ የዝርያ ስም የላቸውም።