ኢንተርፕረነርሺፕ በዩኒቨርሲቲ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ሐኪም ሊሆንም ይሁን መሐንዲስ፣ በፍሬሽማን ዓመቱ ኢንተርፕረነርሺፕ ይማራል። ኮርሱ የጋራ ስለሆነ ማምለጫ የለም። ከዓመት በኋላ ምን አስታወስክ ቢባል ግን ብዙው የሚያነሳው «የኢንተርፕረነር ባሕርያትን ዘርዝር» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥፋቱን በመምህራኑ ላይ መጫን ይቀላል። እኔ የምጠረጥረው ስለ ትምህርቱ የያዝናቸውን እምነቶች ነው። ሥርዓተ ትምህርት የሚያወጣውም፣ የሚያስተምረውም፣ የሚማረውም እነዚሁኑ እምነቶች ይዞ ነው ክፍል የሚገባው።

«ንግድ በደም ነው፤ በክፍል አይማሩትም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ምሳሌያቸው ብዙ ጊዜ መርካቶ ነው። «እነ እገሌ ሲወለዱም ነጋዴ ናቸው» ይባላል። እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ከጉራጌ ገጠር የመጣ ልጅ መጀመሪያ ሊስትሮ ይሠራል። ቀጥሎ ዘመድ ሱቅ ይገባል። ይጠርጋል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ዋጋ ሲነገር ይሰማል። ለማን ዱቤ እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ እያየ ያውቃል። ዓመታት ካለፉ በኋላ አጎቱ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ ራሱን ያስችለዋል። ይሄ እኮ ትምህርት ነው! መምህር አለው፣ ልምምድ አለው፣ ፈተናም አለው። ሰርተፊኬት ስለሌለው ብቻ «ደም» እንለዋለን።

በጥናት የታየም ነገር አለ። በቶጎ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን የተለመደውን ሥልጠና ወሰደ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ የሰው ኃይል የመሳሰለውን። ሁለተኛው በራስ ተነሳሽነት ላይ ያተኮረ ሥልጠና አገኘ፤ ቀድሞ ማየት፣ ግብ መያዝ፣ እንቅፋት ሲመጣ አለመልቀቅ። ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም የሁለተኛው ቡድን ትርፍ ምንም ካልወሰዱት በ30 በመቶ በልጦ ተገኘ። የተለመደውን የወሰዱት ግን ይህ ነው የሚባል አስተማማኝ ለውጥ አላሳዩም። እርግጥ ሰዎቹ ቀድሞውኑ ሱቅ የነበራቸው ናቸው እንጂ ተማሪዎች አይደሉም። ቢሆንም «ባሕርይ አይማርም» የሚለውን ክርክር ይነቀንቀዋል። የሚያሳፍረው ደግሞ የእኛ ኮርስ ሞዱል (የመማሪያ መጽሐፉ) የሚመስለው ያልሠራውን ሥልጠና መሆኑ ነው።

አገር ውስጥም ይህ ዓይነቱ ሥልጠና አዲስ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚጠቀመው ኤምፕሬቴክ የተባለውን የተባበሩት መንግሥታት ዘዴ ነው። ስድስት ቀን ይፈጃል፤ አብዛኛው ጨዋታና ልምምድ ነው። ዘዴው ከዩኒቨርሲቲው ኮርስ ጋር ለምን እንደማይገናኝ ለእኔ ግልጽ አይደለም።

«መጀመሪያ ማንም ያላሰበው ሐሳብ ያስፈልጋል»

ይህ እምነት ተማሪን ሽባ ያደርጋል። ሴሚስተሩን ሙሉ «ሐሳብ እያሰብኩ ነው» ይላል። ያገኘው ደግሞ ይሰረቅብኛል ብሎ ለክፍል ጓደኛው እንኳ አይናገርም።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ቤተልሔም ጥላሁን ሶል ሬብልስን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር ከመኪና ጎማ ጫማ መሥራት አዲስ ነገር አልነበረም። በረባሶን የማያውቅ ማን አለ? እሷ የጨመረችው ዲዛይን፣ ጥራትና የውጭ ገበያ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን ስትጀምርም አዲስ አበባ ታክሲ ነበራት፤ ታክሲ በአፕ መጥራትም በሌላው ዓለም የታወቀ ነበር። ራይድ ግን ስማርትፎን የሌለው ሰው 8294 ደውሎ እንዲጠራ አደረገ። የእኛን ከተማ ያየ ሰው ውሳኔ ነው።

ሐሳብ ስለመሰረቅ አንድ ነገር ልበል። ለሃያ ሰው የተነገረ ሐሳብ ሃያ አስተያየት ያመጣል። ከሃያዎቹ አንዱ እንኳ ሥራውን ትቶ የእናንተን ሐሳብ ሊሠራ አይነሳም። የራሱን መች ሠራ?

«ቢዝነስ ፕላን የጻፈ ተማሪ ኮርሱን ተምሯል»

ዋናው በሽታ ይሄ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ነገሩ የታወቀ ነው። የግሩፕ ሥራ ይሰጣል። ስድስት ልጆች ይመደባሉ። አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ፕሪንት ያስደርጋል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። ፕላኑ የዶሮ እርባታ ነው። ካቻምና ሌላ ግሩፕ ያስገባው ያው የዶሮ እርባታ ሊሆንም ይችላል። የአንደኛው ዓመት ትርፍ ተሰልቷል፣ የአምስተኛውም ተሰልቷል። ግን አንድም ዶሮ አርቢ አልተጠየቀም። የመኖ ዋጋው ከየት መጣ ቢባል መልስ የለም። ዶሮዎቹም በወረቀቱ ላይ አንድም ቀን አይታመሙም።

ፕላን አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ብድር ለመጠየቅ ያስፈልጋል፣ ከሸሪክ ጋር ለመነጋገርም ይጠቅማል። ነገር ግን ፕላን የሚጻፈው የሚታወቅ ነገር ሲኖር ነው። ደንበኛ አይቶ የማያውቅ ተማሪ የሚጽፈው ልብ ወለድ ነው።

ቱኒዚያ ይህን በትልቁ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2009/10 የትምህርት ዘመን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፍ ፋንታ ቢዝነስ ፕላን ጽፈው እንዲመረቁ ተፈቀደ። ሥልጠናና አማካሪም ተመደበላቸው። ተመራማሪዎች በዕጣ አነጻጽረው ሲያዩ የራሳቸውን ሥራ የጀመሩት በጥቂቱ ጨመሩ። በጠቅላላው ሥራ የያዙት ቁጥር ግን አልተለወጠም። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ያች ትንሿ ጭማሪም ጠፍታ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሜሪካ ባብሰን ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከኮሌጁ ገንዘብ ተበድረው እውነተኛ ንግድ ይከፍታሉ። ይሸጣሉ፣ ብድሩን ይመልሳሉ፣ ትርፉን ለበጎ አድራጎት ይሰጣሉ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ይህን አቅም የለውም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ የሚያበድር የለም። ሽያጭ ግን ብድር አይጠይቅም። ግቢው ራሱ ገበያ ነው፦ የጂሲ (የተመራቂዎች) ቲሸርት፣ የምርቃት ፎቶ፣ ቲቶሪያል፣ ዶርም ውስጥ ፀጉር ማስተካከል፣ ልብስ አጠባ፣ ፕሪንት። ብዙ ተማሪ ይህን በድብቅም ቢሆን እየሠራ ነው። ኮርሱ ነው የማያውቃቸው።

እኔ ብሆን የግሩፕ ሥራውን እንዲህ እቀይረዋለሁ። ለሁለት ሳምንት አንድ ነገር ሽጡ፤ ምንም ይሁን። ከመሸጣችሁ በፊት ሃያ ሰው አናግሩ። «ብንሠራው ትገዛለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እኛ ሰው ላለማስቀየም «አዎ፣ ጥሩ ነው» የምንል ሕዝብ ነን። ያለፈውን ጠይቁ። ባለፈው ልብስህን ማን አጠበልህ? ስንት ከፈልክ? ምን አናደደህ? መልሱን በደብተር ጻፉ። ማርኩ ለትርፉ አይሰጥም። ማርኩ የሚሰጠው ለደብተሩ ነው፦ ማንን ጠየቃችሁ፣ ምን ሰማችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን ቀየራችሁ። ከሌላ ግሩፕ መገልበጥም ይከብዳል፤ ደውሎ ማረጋገጥ ይቻላላ።

«ገንዘብ ቢኖር ኖሮ…»

ገንዘብ እንቅፋት አይደለም የሚሉ አነቃቂ ተናጋሪዎችን አልወዳቸውም። እንቅፋት ነው። ባንክ ለረዥም ዘመን ሲጠይቅ የኖረው ቤት ወይም መኪና ነው፤ ተማሪ ደግሞ የለውም። በሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና መበደር የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መንገዱን በሕግ ከፍቷል። ለፍሬሽማን ግን ይሄም ሩቅ ነው።

ይሁንና የጂሲ ኮሚቴዎችን አስተውሉ። ቲሸርት የሚያሳትሙት መቼ ነው? ከተማሪው ብር ከሰበሰቡ በኋላ። የደንበኛው ቀድሞ መክፈል ካፒታል ሆነላቸው ማለት ነው። ያንኑ ስልት ክፍል ውስጥ ቢማሩት ስም ይሰጡትና ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ኮሚቴ ውስጥ ግን ማንም ሳያስተምራቸው ይሠሩታል።

«የማኔጅመንት ልጆች ጉዳይ ነው»

አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀደምት ከሆኑት የቴክኖሎጂ ማበልጸጊያ ማዕከላት አንዱ የሆነው አይስ አዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው አርክቴክቸርና ኮንስትራክሽን በሚማርበት ተቋም ውስጥ ነው። ኮርሱ ለሁሉም መሰጠቱ ልክ ነው። የማይገባኝ ሰዓቱ ነው። ተማሪው ዲፓርትመንት ሳይመርጥ፣ የምንም ሙያ ችግር ሳያውቅ ይማረዋል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ቢደገም የተሻለ ነበር።

«በወጣትነት ካልጀመርክ አበቃ»

በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መረጃ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከፍተኛ ዕድገት ያስመዘገቡ ድርጅቶች መሥራቾች ሲጀምሩ ስንት ዓመታቸው እንደነበር አስልቷል። በአማካይ 45። ዶርም ውስጥ ጀምሮ ቢሊየነር የሆነ ልጅ ታሪክ እውነት ነው፤ ግን ታሪክ የሆነው ብርቅ ስለሆነ ነው። በሚጀምሩበት ዘርፍ የሠሩ ሰዎች የተሻለ እንደሚሳካላቸውም ያው ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ተመርቆ መቀጠር ሽንፈት አይደለም። ለተማሪ ሲነገር ግን አልሰማም።

«የኮርሱ ውጤት የሚለካው በተከፈቱ ድርጅቶች ብዛት ነው»

ሪፖርት ቁጥር ይወዳል። ይህን ያህል ሠለጠኑ፣ ይህን ያህል አቋቋሙ። ሥራ አጥነቱ ሲያስጨንቅ ደግሞ «ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» የሚለው ምክር ኃላፊነቱን ሁሉ ወደ ተመራቂው ያሻግረዋል።

በኔዘርላንድስ አንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ኩባንያ አቋቁመው የሚመሩበት ፕሮግራም ነበረው። አንደኛው ካምፓስ ላይ ግዴታ ነበር፣ ሌላው ላይ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ግምገማ ተማሪዎቹ ስለ ችሎታቸው ያላቸው ግምት እንዳልጨመረ፣ የራስን ሥራ የመጀመር ፍላጎታቸው ደግሞ እንደቀነሰ አሳየ። ብዙዎች ይህን ውድቀት ይሉታል። እኔ ግማሹን ስኬት እለዋለሁ። አንድ ተማሪ ሸጦ፣ ተሰላችቶ፣ ከሸሪኩ ጋር ተጣልቶ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ካለ፣ ያንን በሃያ ዓመቱ በትንሽ ብር ማወቁ አባቱ ቤት አስይዞ ከተበደረለት በኋላ ከማወቁ ይሻላል።

«ነግዶ የማያውቅ መምህር ምን ሊያስተምር?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ድምዳሜው ግን ይፈጥናል። መምህሩ ሽያጩን ማዘጋጀት፣ ደብተሩን ማንበብ፣ «ይሄን ዋጋ ማን ነገራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ ይበቃል። የጎደለውን ከውጭ ያምጣ። እንግዳ ሲባል ግን ወደ ቴሌቪዥን የወጡት ብቻ አይታሰቡ። ከግቢው በር ላይ ያለው የፕሪንት ቤት ባለቤት ይምጣ። ላውንጅ ተከራይቶ የከሰረውም ይምጣ። ኪራዩ ስንት ነበር፣ ተማሪው ለእረፍት ሲሄድ ምን ሸጠ፣ በየትኛው ወር ነው መዝጋት እንዳለበት የገባው፣ ለምንስ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ቆየ? ተማሪዎቹ ይህን ይጠይቁት።