የሰብዳክሽን አሻራ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከአቃቂ በኩል ካሉት ካባዎች የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ሲፈለጥ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታዩበታል፤ ቅልጡ ዐለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ የተዋቸው የአረፋ ቦታዎች ናቸው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ከማሪያና የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ የተወሰደ ባዛልት ከጎኑ ቢቀመጥ፣ ሁለቱን ወንድማማች ናቸው የሚል ሰው አይፈረድበትም። የሚለያቸው ኬሚካዊ ይዘታቸው ነው፤ የማሪያናው ድንጋይ የሚሸከመው ምልክት የሰብዳክሽን አሻራ ይባላል።

ሰብዳክሽን አንድ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳ ከሌላው ሥር ገብቶ ወደ ጥልቁ የሚወርድበት ሂደት ነው። በማሪያና የሚወርደው የፓሲፊክ ሰሌዳ ሲሆን፣ የሚታጠፍበት ስፍራ ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባሕር ገደል ሆኗል። ሰሌዳው በውቅያኖስ ወለል ለረጅም ዘመን ሲቆይ ደለል ተሸክሟል፤ ውሃም በማዕድኖቹ ውስጥ ይዟል። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ጥልቀት እስኪደርስ ሙቀቱና ግፊቱ ይህን ውሃ ደረጃ በደረጃ ያስለቅቁታል፤ ውሃውም ከላይ ወዳለው ትኩስ ማንትል፣ ማለትም ከመሬት ቅርፊት ሥር ወዳለው ወፍራም የዐለት ንጣፍ፣ ዘልቆ የመቅለጫ ሙቀቱን በመቶዎች በሚቆጠሩ ዲግሪዎች ይቀንሰዋል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፦ በአብዛኛው የሚቀልጠው ወራጁ ሰሌዳ ሳይሆን ከላዩ ያለው ማንትል ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን የሚወርድ ሰሌዳ የለም፤ ቅርፊቱ ሲሳሳ ትኩሱ ማንትል ሽቅብ ይወጣል፤ ግፊቱም ስለሚቀልለት ይቀልጣል።

ጌሾ ሲዘፈዘፍ ውሃው ምሬቱን ወስዶ እንጨቱን እንደሚተው ሁሉ፣ ከሰሌዳው የሚወጣው ፈሳሽም ባሪየምን፣ ስትሮንቲየምንና እርሳስን ይዞ ሲሄድ ኒዮቢየምንና ታንታለምን ወደ ኋላ ይተዋል። ስለዚህም የማሪያና ላቫ በፊተኞቹ የበለጸገ፣ በኋለኞቹ የደኸየ ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ባዛልት ይህ የኒዮቢየም ጉድለት በአብዛኛው አይታይም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማስረጃ ቤሪሊየም-10 ነው። ይህ በራዲዮአክቲቭነት እየፈራረሰ የሚጠፋ የቤሪሊየም ዓይነት በከባቢ አየር ውስጥ በጠፈር ጨረር ተፈጥሮ ከዝናብ ጋር ይወርድና ከባሕር ደለል ይቀላቀላል፤ ግማሹም በ1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይጠፋል። ሆኖም በአሉሺያን ደሴቶችና በመካከለኛው አሜሪካ ላቫዎች ውስጥ ተገኝቷል፤ ደለሉ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሰምጦ ተመልሷል ማለት ነው።

ውሃውም ራሱ ይለካል። በክሪስታሎች ውስጥ ታሽገው የቀሩ የመስታወት ነጠብጣቦች እንደሚያሳዩት፣ በሰብዳክሽን ስፍራ የሚፈጠረው ማግማ (ከመሬት ሥር ያለ ቅልጥ ዐለት) በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ በውቅያኖስ መካከል ባሉ ሸንተረሮች ግን መጠኑ በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች ነው። በጥልቅ ባሕር የፈሰሰ ላቫ በቅጽበት ቀዝቅዞ መስታወት ስለሚሆንና የውሃው ክብደት ጋዙን ስለሚያፍነው፣ ከዚህ ውሃ ከፊሉን ይዞ ይቆያል። የአቃቂው ድንጋይ ግን የነበረውን ጋዝ በአብዛኛው ለአየር ሰጥቶ ጨርሷል፤ የቀሩት ቀዳዳዎቹ ናቸው።