የፊት ሴሚያስ ቅያሪ፦ ደሴ ግቢ ውስጥ

ሴሚያስ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ተነስቶ ጎማውን የሚያሽከረክር ዘንግ ነው። ስሙ እንደ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ «ግማሽ አክስል» እንደማለት። የፊት ሴሚያስ የሚኖረው ሞተሩ የፊት ጎማውን ሲነዳ ነው። ስለዚህ የላዳና የድሮው ዲኤክስ ባለቤት እዚህ ላይ ቡናውን ቢጠጣ ይሻለዋል፤ የእሱ መኪና የሚገፋው ከኋላ ነው። ቪትዝ ያለው ይቀጥል።

ዘንጉ ራሱ እምብዛም አይሰበርም። የሚያልቀው ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም እየታጠፈ የሚሽከረከረው መገጣጠሚያ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ጆይንቱን ከሸፈነው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ ግራሶው ቸርኬው ውስጥ ይረጫል፣ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል። መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» ካለ የጎማው በኩል ያለው ጆይንት ነው። ነዳጅ ሲሰጡት ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በካምቢዮ በኩል ያለውን ጠርጥሩ። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ድምፁን ቶሎ ይሰማል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን በሁለተኛ ማርሽ፣ መሪ ጠምዝዞ፣ ነዳጅ ረግጦ የሚወጣ ኩርባ ነው።

ሥራው ከሚወራበት ይቀላል። ደሴ ላይ የሚቸግረው ሜዳው ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ግቢ ወይ ያዘነብላል ወይ ደረጃ ነው። አንዴ ክሪኬ ሸርተት ብሎ መኪናዋ ድንጋይ ላይ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ ዘመድ ግቢ ይዤ እወርዳለሁ። ለአንድ ሴሚያስ መውረዴ ያስቃል፤ ይሳቅ።

ሴሚያሱን ከጎማው ጋር የሚያስረው ዋናው ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት እንደረገጠ፣ ሰው ፍሬን ይዞ ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ 30 ቁጥር ቡሶላ ይፈልጋል። ከዚያ መኪናው ይነሳና በብረት ማሳረፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ሥሩ አይገባም። ጎማው ይወልቃል፣ የጎማውን መያዣ ከሥር የሚያያይዘው የታችኛው ቦል ጆይንት ይላቀቃል፣ ሴሚያሱ ከጎማው በኩል ይወጣል። በካምቢዮ በኩል የያዘው ትንሽ የሽቦ ቀለበት ስለሆነ በፌሮ ፈልቀቅ ማድረግ ነው። ዘንጉን ይዞ መጎተት ግን አይሆንም፤ የውስጡ ጆይንት ይበታተናል። ሲወጣ ዘይት ይከተለዋል፤ ሳፋ ይቀመጥ። ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዘው ቀለበት፣ ኦይል ሲሉ፣ ርካሽ ነው፤ እዚያው ይቀየር።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ከአሮጌው ጎን ይጋደም። ርዝመቱ ይለካ፣ ጥርሱ ይቆጠር። ሻጩ «ይሄው ነው» ማለቱ አይበቃም። ሲገባ «ጠቅ» ይላል፤ ካላለ አልገባም። ዳዶው መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው መኪናው መሬት ከወረደ በኋላ ነው፤ በብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ልኩ ወደ 216 ኒውተን ሜትር ነው። የፈሰሰው የካምቢዮ ዘይት ይሞላ።

ስትመለሱ ሐረጎ ላይ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። «ቀጭ ቀጭ» ከሌለ ሬዲዮ መክፈት ይቻላል።